በወራጁ ወገብ ላይ የተመታ ማኅተም

መርማሪው መሰላሉን ሲወጣ ከታች የቆሙለት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርትና የደን ውጤቶች አምራቾች ማኅበር ምክትል ሊቀመንበር። ርዕሰ መምህርቷ መሰላሉን ይዛለች። ምክትሉ ደግሞ እሷን ይዘዋል ማለት ይቀላል፤ «አይዞሽ እኅቴ፣ የባሰ አታምጣ ነው፤ ይሄም ያልፋል» እያሉ ትከሻዋን ቸብ ቸብ ያደርጓታል።

አዲሱ የንባብ ክፍል ገና መጽሐፍ አልገባበትም። መደርደሪያዎቹ በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ ጥግ ላይ ቆመዋል። ግድግዳው እስከ እኩሌታው ተለስኗል፤ ከዚያ በላይ ለሳኙ የወደቀ ዕለት እንደተወው ሸካራ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ወራጆች ለውበት ተብሎ እንዲታዩ የተተዉ ናቸው፤ አሁን ግን ባይታዩ ይሻል ነበር። አንዱ እንደ ቀስት ጎብጧል፣ አንዱ እንደተጨመቀ ጨርቅ ተጠማዟል፣ የመሃለኛው በቁመቱ ተሰንጥቆ ግማሽ ጎኑን አንጠልጥሎ ቀርቷል። ያ ግማሽ ጎን ሲወርድ ነው ለሳኙ ከመወጣጫው ላይ ዘሎ እግሩን የሰበረው።

መርማሪው በተሰነጠቀው ወራጅ ወገብ ላይ እጁን አሳረፈ። ማኅተሙ እዚያው ነበር፤ ክብ ቀለበት፣ በቀለበቱ ውስጥ አንዲት ዛፍ። የመዶሻ ምት ነው፣ ጥርት ያለ። በጎበጠውም በተጠማዘዘውም ላይ ይኸው ምት አለ።

ቤት ያሠራ ሁሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ይህ እንጨት ደርቋል፣ ተመርምሯል፣ ጣሪያ ይሸከማል ማለት ነው። ማኅተም ያለበት መዶሻ በማኅበሩ ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ የሚመታበትም አንድ ሰው።

«ደረጃ መዳቢያችን ናት» አሉ ምክትሉ ከታች ሆነው፣ ሳይጠየቁ። «ጎበዝ ሴት ናት፣ የኔ ጌታ። እንግዲህ ሰው ናት፤ እርጥቡን ደረቅ ብላ አሳለፈች። ለሳኙም ነፍሱ ተርፋለች፣ ይመስገን። ይቅር እንበላትና ይለፍ እላለሁ እኔ።»

«የከሰሰው የእናንተ ማኅበር አይደለም እንዴ?»

«ሊቀመንበሩ ነው። እሱ እሳት ነው። እኔ ውኃ ልሁን ብዬ አብሬ መጣሁ።»

ርዕሰ መምህርቷ ቀና አለች። «እኔ ግን ይቅር ከማለቴ በፊት ማንን እንደሆነ ባውቀው ደስ ይለኛል፣ አባባ። ወራጁ ልጆቹ ቁጭ ብለው ሲያነቡ ቢወርድስ?»

መርማሪው ቀስ ብሎ ወረደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚታወቅበት አንድ ጸባይ አለው፤ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ገና መስማት አይጨርስም።

ምክትሉን በማኅበሩ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። አባ ይቅር ነው የሚሏቸው። ሁለት አባላት በአንድ ግንድ ቢጣሉ፣ ሾፌርና ጫኝ ቢሰዳደቡ፣ አስታራቂው እሳቸው ናቸው። አነስ ያለች መሰንጠቂያ አለቻቸው፤ ሥራውን በእጃቸው የተማሩ፣ እንጨት ሲያዩ ፊታቸው የሚፈካ ሰው ናቸው።

ለሳኙ ሆስፒታል እግሩ ተሰቅሎ፣ የጎረቤቱን አልጋ በሽተኛ በወሬ እያዝናና ተገኘ።

«ወራጁ ላይ ማኅተም ነበረ?» አለው መርማሪው።

«እኔ ምኑን አውቄ። ለሳኝ ግድግዳ ነው የሚያየው። ቀና ካልኩማ ልስኑ ዐይኔ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«አንድም ቀን ቀና አላልክም?»

«አንድ ቀን ብያለሁ» አለ ለሳኙ የተሰቀለ እግሩን እያሳየ፣ «ይኸው ውጤቱ።»

*

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የእንጨት ሰዎች ቤት መሆኑ ከደጁ ያስታውቃል። የደረጃው መደገፊያ፣ የበሩ እጀታ፣ የወንበሩ ክንድ፣ ሁሉም በሰው እጅ ብዛት የተወለወለ ነው። ሊቀመንበሩ በጥቁር መነጽር ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ዐይናቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ገና መውጣታቸው ነው። ለሳኙ የወደቀ ዕለትም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ቀን፣ ሁለት ዐይናቸው ታሽጎ ተኝተው ነበር።

«ወራጆቹ የወጡት ከርስዎ መሰንጠቂያ ነው» አለ መርማሪው።

«ከኔ ነው። የኔ መኪና ነው ያደረሰው። ታዲያ? እኔ የማወጣው የደረቀ እንጨት ነው።»

«ይኸኛው ደረቅ አልነበረም።»

«እንግዲህ ያሳለፈችው ትጠየቃ። ከመታከሜ በፊት የኔን ደህና ጣውላ አላትምም ብላ በጫኞቼ ፊት አዋረደችኝ። በጣቷ ታንኳኳና ጆሮዋን ትደቅናለች፣ እንደ ሐኪም። ግንደ ቆርቁር የሚሏት ወደው መሰልህ? ለኔ ጊዜ እንዲያ ተመጻድቃ እርጥቡን አተመች።»

«ያው የርስዎን እርጥብ» አለ መርማሪው በለሆሳስ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ብርሃኑ ሲወጋቸው መልሰው አጠለቁት። «ስማኝ ልጄ። ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ቅዳሜ ትሰናበታለች። አንተ ወንጀል ብታገኝባት ወንጀል፣ ባታገኝባት ስንፍና ነው። ያቺን መዶሻ ዳግመኛ አትይዛትም።»

መርማሪው ሲወጣ ልቡ በሊቀመንበሩ ላይ ነበር። ቂም አላቸው፣ እንጨቱ በእሳቸው መኪና ሄዷል፣ ጥፋቱ በሷ ላይ ቢያልቅ የሚጠቀሙት እሳቸው ናቸው። ነገሩ ቀላል መሰለው። ቀላል ሲመስለው ደግሞ ይጠነቀቃል።

ጸሐፊዋን መተላለፊያው ላይ አገኛት። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ የቁልፎቹን ስብስብ በአንገቷ አንጠልጥላ ስትራመድ ታቃጭላለች።

«መዶሻው የት ነው የሚቀመጠው?»

«አዳራሹ ውስጥ በብረት ሣጥን። አንዱ ቁልፍ ደረጃ መዳቢዋ ጋ ነው፣ ትርፉ እኔ ጋ።»

«እንጨቱ ለትምህርት ቤቱ የተሸጠ ሰሞን ከሷ ሌላ የወሰደው ሰው አለ?»

ጸሐፊዋ አሰበች። እውነተኛ ሰው መሆኗ ከአስተሳሰቧ ያስታውቃል። «ያን ሰሞን? የለም። ከሷ በቀር ማንም አልነካውም። ያን ሰሞን ደግሞ የሊቀመንበሩ መሰንጠቂያ ሄዳ ሌላ ጣውላ ስታትም ነበር። እሱን ነው ሁሉም የሚያነሣባት።»

*

ደረጃ መዳቢዋ ግንደ ቆርቁር የምትኖርባት ቤት ጠባብና ፀሐይ የሚገባባት ናት። ገና አርባ ቀን ያልሞላው ጨቅላ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል፤ ጀርባውን በሁለት ጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች። ልጇ ከአልጋው ላይ ሆና ትስቃለች።

«እማዬ፣ ደርቋል ወይስ ገና ነው?»

«ዝም በይ፣ ሰው መጥቷል» አለቻት እናቷ፣ ግን እሷም ፈገግ አለች። ለመርማሪው ወንበር አመለከተችው። «ልጄ ልትወልድ ነው ተብዬ ባሏ የሚሠራበት ከተማ ሄጄ ነበር። ወራጁ የወደቀውም፣ አለቆቼ ሄደው ያዩትም እኔ እዚያ ሳለሁ ነው። አራሷን ይዤ ስመለስ የእገዳ ወረቀት በሬ ሥር ጠበቀኝ።»

«ማኅተሙን አይተውታል?»

«የት አሳይተውኝ? ቦታው ድርሽ እንዳትል ተብያለሁ። በስልክ ፎቶ ነው ያሳዩኝ፣ እሱም ከመሬት ሆነው ወደ ላይ ያነሡት። የኛ መዶሻ ነው። አልካድኩም። እጁ ግን የኔ አይደለም።»

«እንዴት አወቁ?»

«ወገቡ ላይ ነዋ። እኔ የምመታው የወራጁ ራስ ላይ ነው፣ መጋዝ የቆረጠው ጫፉ ላይ። ጎኑ የአናጢው ነው። ይልገዋል፣ ይቀባዋል፣ ማኅተሜን ልጎ ይጥለዋል። ራሱን ግን ማንም አይነካውም።»

«ራሱ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።»

«ይገባል።»

«ታዲያ ማን ያየዋል?»

«ከመግባቱ በፊት ግንበኛው ያያል። ከገባ በኋላማ ተከድኖ ይቀራል።» ጨቅላውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው። «አባቴ፣ እኔ ስለ ደመወዙ ብቻ አይደለም። ደመወዙም ቢሆን አሁን ሦስት ሆነናል። ግን በዚህ ከወጣሁ በየመሰንጠቂያው በራፍ እርጥብ ያተመችው ተብዬ ነው የምጠራው። የሰው ጣሪያ በኔ ስም ላይ ነው የቆመው። ዛሬ ዝናብ እየዘነበ ተማምኖ የተኛ ሰው ሁሉ ነገ ቀና ብሎ ይጠራጠራል።»

መርማሪው ከዚያ ወጥቶ ርዕሰ መምህርቷን አስፈቀደና ግድግዳውን በወራጁ ራስ በኩል አስፈለፈለ። ራሱ ባዶ ነበር። ምንም ምት የለበትም።

ለሊቀመንበሩ ሲነግራቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። «ቸኩላ ጎኑን መታችዋ። ራሱ ባዶ መሆኑ ምን ያረጋግጣል?»

እውነታቸውን ነው። ብዙ አያረጋግጥም።

*

መርማሪው በዚያን ቀን እራቱን ሲጠብቅ ሚስቱ ከጓዳ «ና እስቲ አንተ መርማሪ» ብላ ጠራችው። ከገበያ ገዝቶላት የነበረውን የእንጨት ስኳር ማስቀመጫ ይዛ ቆማለች። ክዳኑ አፉ ላይ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል አሻፈረኝ ብሏል።

«ይሄን ዕቃ ምን አደረግሽው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ? ስታመጣው እንደ ጨረቃ ክብ ነበር። አሁን እንቁላል ሆነልህ። እርጥቡን እንጨት ጠርበው ነው የሸጡልህ። አንተ ደግሞ ሌባ መያዝ እንጂ ዕቃ መግዛት መች ታውቃለህ።»

«ሲደርቅ ለምን ሙሉውን አያንስም? ክቡ ክብ እንደሆነ ትንሽ ክብ አይሆንም?»

ሚስቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ባለፈው ታመህ ስትከሳ አጠርክ እንዴ?»

«አላጠርኩም።»

«እንጨትም እንደ ሰው ነው። ሲከሳ በወርዱ ነው፤ ቁመቱ እንዳለ ነው። በል ስኳሩን በላስቲክ ቋጥርልኝ፣ ጉንዳን ሊወረው ነው።»

መርማሪው ስኳሩን ቋጠረ። ከዚያ ክዳኑን ይዞ ሲያገላብጥ፣ ሲያገላብጥ፣ እራቱ ቀዘቀዘ። ማኅተሙ ያረፈበት እንጨት እርጥብ ነበር፤ ይህን የሚጠራጠር የለም፣ ጣሪያ ላይ ሆኖ ደርቆ ነው የጎበጠው። ማኅተሙ ግን ምን ይመስል ነበር? ጥርት ያለ መሆኑን ያስታውሳል። ክብ ነበር? ዐይኑ እንደዚያ ይለዋል፤ ዐይን ግን የለመደውን ነው የሚያየው።

ሚስቱ ሳህኑን አንሥታ ልታሞቅለት ስትሄድ «ተመስገን» አለ ለራሱ።

«ለክዳኑ ነው?»

«ለሚስቴ ነው።»

*

በማግሥቱ ጸሐፊዋ አዳራሹን ከፈተችለት። አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ በግንድ ቁራጭ ተሸፍኗል፤ ከግንድ በቁመታቸው ተሰንጥቀው እንደ ጣውላ የተሰቀሉ፣ ልጣቸው ያልተላጠ። በእያንዳንዱ መሃል የማኅበሩ ማኅተም አለ።

«ይሄ የኛ ልማድ ነው» አለች ጸሐፊዋ። «በየዓመቱ ጉባኤው ሲከፈት በዚያው ቀን ከተቆረጠ ግንድ አንድ ቁራጭ ይመጣል። መዶሻው አንዴ ይመታበትና ይሰቀላል። ጠረኑ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ለዚህ ብለው የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ።»

«በዚያው ቀን የተቆረጠ። እርጥብ ማለት ነው።»

«ውኃው ገና ሲያዥ።»

መርማሪው ከኪሱ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ አወጣ። በመጀመሪያ መስኮቱ ሥር ወደተደረደሩት ናሙና ጣውላዎች ሄደ። እነዚህ ደረጃ መዳቢዋ ለአዳዲስ አባላት ማስተማሪያ ያተመቻቸው፣ የደረቁ ናቸው። ቆርኪውን በማኅተሙ ላይ ገለበጠው። ልክክ አለ፤ ቀለበቱ በሙሉ ተሸፈነ።

ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ተሻገረ። በቁራጮቹ ላይ ቆርኪው በአንድ በኩል ልክክ ሲል በሌላ በኩል ከቀለበቱ እየወጣ አስቸገረው። አንዱም ክብ አልቀረም። ሁሉም እንደ ሚስቱ ክዳን ሆነዋል።

«እነዚህ ሲመቱ ክብ ነበሩ?»

«ይሆናል፣ መዶሻው ክብ ነው። እኔ ግን ሁሌም እንዲህ ነው የማውቃቸው» አለች ጸሐፊዋ፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አጎንብሳ እያየች። «እንዴት ነው ነገሩ?»

«ግንዱ ሲደርቅ ማኅተሙን ይዞት ነው የከሳው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። መሰላሉን ርዕሰ መምህርቷ ያዘችለት። በተሰነጠቀው ወራጅ ወገብ ላይ ቆርኪውን ገለበጠ።

ልክክ አለ።

ወደ ጎበጠው ተሻገረ፤ ልክክ። ወደ ተጠማዘዘው፤ ልክክ።

«ምን አገኙ?» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

«እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ወጣ፣ እዚህ ላይ ደረቀ፣ ሲደርቅ ከሳ፣ ጎበጠ፣ ተሰነጠቀ። ማኅተሙ ግን አልከሳም። ከመውጣቱ በፊት ተመትቶ ቢሆን እሱም አብሮ ይሞላልል ነበር። ይህ የተመታው እንጨቱ መድረቁን ከጨረሰ በኋላ ነው። እዚሁ፣ ጣሪያው ላይ።»

ርዕሰ መምህርቷ ቀና ብላ ማኅተሙን አየችው። «ለሳኙ ከወደቀ በኋላ ማለት ነው?»

«ቀድሞማ እሱ እዚህ ነበር። ቀና ባይልም ሲመታ ይሰማ ነበር። ለዚህ ነው ወገቡ ላይ የሆነው፤ ራሱ ግድግዳ ውስጥ ነው፣ ሊደርስበት አይችልም።»

አሁን የሁሉም ሰው ቦታ ተገለባበጠ። እንጨቱ የተሸጠ ሰሞን ማን የት ነበር ሲባል የነበረው ከንቱ ሆነ። ደረጃ መዳቢዋ ሌላ ከተማ የልጇን ምጥ ስትጠብቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ዐይናቸው ታሽጎ በሰው እጅ ነበር የሚጎርሱት። ሁለቱም በዚህ መሰላል ላይ ሊወጡ አይችሉም።

የግቢው ዘበኛ ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መርማሪው አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ለሳኙ ከወደቀ በኋላ ማኅበሩ መጥቶ እስኪያይ ድረስ ማን ገባ?»

«ማንም። ተዘግቷል ተባልኩ፣ ዘጋሁ።» ዘበኛው አሰበና ጨመረ፤ «አባ ይቅር ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ሰው አይባሉም፣ መልአክ ናቸው። ዳቦ ይዘውልኝ መጡ።»

«ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«እንጨቱን ሲያንኳኩ። ጠበቅ አድርገው ነው የሚያንኳኩት። ጤናውን ልየው ብዬ ነው አሉኝ። ሲወጡ ላብ በላብ ሆነው ነበር፤ ምስኪን፣ በዚያ ዕድሜያቸው መሰላል ሲወጡ።»

ጸሐፊዋ ጋ ሲደውል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «ባለፈው ስለ ሌላ ጊዜ ነው የጠየቅኩሽ፣ እኅቴ። አሁን ልክ ልጠይቅሽ። ለሳኙ ከወደቀ በኋላ መዶሻውን የወሰደ አለ?»

«አባ ይቅር ናቸዋ» አለች ወዲያው። «ለጉባኤው ሊወለውሉት። በየዓመቱ እሳቸው ናቸው የሚወለውሉት፣ ቁራጩንም የሚያመጡት እሳቸው ናቸው።» ከዚያ በስልኩ ውስጥ ቁልፎቿ ብቻ ተሰሙ።

*

አባ ይቅር መሰንጠቂያቸው ግቢ ውስጥ፣ ለጉባኤው ቁራጭ የሚሆን ግንድ ሲመርጡ አገኛቸው። መርማሪውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ። ግንድ ላይ አስቀመጡት፤ እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ምነው፣ ስለዚያች ልጅ ሊቀመንበሩ ለዘበልህ?»

መርማሪው ቆርኪውን አውጥቶ እጃቸው ላይ አኖረው። የሆነውን ሁሉ ቀስ ብሎ ነገራቸው፤ ክዳኑን፣ የአዳራሹን ግድግዳ፣ ጣሪያውን፣ ዳቦውን። ድምፁን አንዴም ከፍ አላደረገም። ሽማግሌው ቆርኪውን በጣቶቻቸው መሃል ያዞሩታል።

«ቁራጮቹን በየዓመቱ የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሲሞላልሉ እያየሁ ነው ያረጀሁት። እዚያ መሰላል ላይ ግን አንድም አልታየኝም። ደረቅ እንጨት አገኘሁና እጄ እንደለመደው አሳምሬ መታሁት።»

«እንጨቱ የርስዎ ነበር?»

«የሊቀመንበሩ ሠራተኛ የደረቀ አልቆበት መጣብኝ። እምቢ ማለት አልችልበትም። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ ግቢዬ ያለው ሁሉ ውኃ የጠጣ ነው። ደርቋል አልኩት። ጣሪያው ላይ ሆኖ ይደርቃል ብዬ ለራሴም ነገርኩት። በሊቀመንበሩ መኪና ሄደ። የሊቀመንበር መኪና ያመጣውን ማን ማኅተም አለው ወይ ብሎ ያገላብጣል? እሷን አልጠራኋትም። ጣቷን ገና ሳታሳርፍ ትመልሰው ነበር።»

«ሲወድቅስ?»

«ማኅተም ከሌለው ከማን ግቢ ወጣ ይባላል። ማኅተም ካለው ነገሩ እሷ ላይ ይቆማል።» ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። «ክፉ እንድታገኝ ብዬ አይደለም፣ ልጄ። እኔ አለሁላት አልኩ። እለምንላታለሁ፣ ይቅር ይሏታል፣ ያልፋል አልኩ። ስንቱን አስታርቄያለሁ።»

ከበስተኋላ መጋዙ ግንድ ጨርሶ ድምፁ ሲሟሽሽ ይሰማል።

«ያላጠፋችውን ጥፋት ነው ይቅር ሊያስብሏት የነበረው፣ አባባ። ያን የመሰለ ይቅርታ ለተቀባዩ ስንቅ አይሆንም። ዕድሜ ልኳን ተሸክማው ልትኖር ነበር።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። መርማሪው የሚመጣውን ቃል ያውቀዋል፤ ግቢው፣ ማኅበሩ፣ ጫኞቹ ሁሉ ያውቁታል። ቃሉ ግን አልወጣም። ሁለቴ ሞከሩና ተዉት። ከዚያ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ፣ ለመጋዙ ሠራተኛ በእጃቸው አጥፋው የሚል ምልክት ሰጡና ከመርማሪው ጎን ለጎን ወደ በሩ ሄዱ።

*

ቅዳሜ ጉባኤው ላይ ሊቀመንበሩ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ተነሡ። «ጣውላዎን አላትምም ስትይኝ ተቆጥቻለሁ» አሉ ወደ ደረጃ መዳቢዋ ዞረው። «የወራጆቹ እንጨት ከማን ግቢ እንደመጣ እንኳ ሳልጠይቅ በመኪናዬ ልኬያለሁ። የታወርኩት ገና ሳልታሽግ ነው። ወራጆቹን ከደረቀው፣ ከራሴ አስቀይራለሁ። መዶሻሽ ይኸው።»

«ጣውላዎንስ?» አለች ግንደ ቆርቁር።

«የቱን ጣውላ?»

«ያን ያልታተመውን። ዛሬም አላትመውም፣ ከአሁኑ እንዳንጣላ ብዬ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሊቀመንበሩም ሳይወዱ ሳቁ። የዓመቱ ቁራጭ ያን ቀን አልተሰቀለም። ሚስማሩ ባዶውን ዋለ፤ እሷ ቁራጩ እስኪደርቅ እንጠብቅ አለች፣ ማንም አልተቃወመም።

ወራጆቹ ሲቀየሩ መርማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ጎራ አለ። አባ ይቅር ቃላቸውን ሰጥተው ፍርዳቸውን ይጠብቁ ነበር። ደረጃ መዳቢዋ መሬት ላይ በተደረደሩት ወራጆች መሃል ተንበርክካ በጣቷ ታንኳኳለች፣ ትሰማለች፣ ታልፋለች። ለሳኙ በምርኩዝ ተደግፎ ቆሞ ያያታል።

«ሽማግሌው መልእክት ልከዋል» አለ መርማሪው አጎንብሶ። «ቃሉ ግን እምቢ አላቸው። እሷ ታውቀዋለች በላት አሉኝ።»

ማንኳኳቷን አላቆመችም። «ለሳኙን ጠይቀውታል?»

«ገና ናቸው።»

«ከሱ ይጀምሩ። እግሩ የሱ ነው። እኔ ጋ ሲደርሱ በሬ ክፍት ነው፤ ደግሞም የልጅ ልጄን አላዩትም።»

መዶሻውን አነሣችና የመጀመሪያውን ወራጅ ራሱ ላይ መታችው። ወደ ሁለተኛው ተሻገረች። ግንበኞቹ እሷ የጨረሰችውን እየተቀበሉ ወደ ላይ ያወጡታል፤ የወራጁ ራስ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባና ማኅተሙ ከዐይን ይሰወራል።

«አሁን እንኳ ወገቡ ላይ ቢመቱት አይሻልም?» አላት መርማሪው። «ልጆቹ ቀና ሲሉ እንዲያዩት። ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ።»

«ልጆቹ መጽሐፋቸውን ይዩ።» አንዱን ምት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «ግድግዳ ውስጥ ያለውንም የሚያይ አለ። እኔ ለሱ ነው የምመታው።»

«እሺ እሱ አየልሽ» አለ ለሳኙ ከምርኩዙ ላይ ሆኖ፣ «አሁን ፈጠን በይልኝ፣ ያቦካሁት ልስን ሊደርቅብኝ ነው።»

ሦስተኛውን ወራጅ አንኳኳች፣ ጆሮዋን ደቀነች፣ ፈገግ አለች።

«ይድረቅ» አለችው፣ «መድረቅ ደግ ነው።»